ሰሙ ሲቀልጥ፦ «ኦሮማይ»፣ ሳንሱር እና «የማን ወገን ነህ?»

ስለ ኪነ ጥበብና ስለ ነጻነት ጨዋታ በተነሣ ቁጥር አንድ የማይቀር ውዳሴ አለን፤ ሰምና ወርቅ። አባቶቻችን ንጉሥን ፊት ለፊት ሳይነኩ በቅኔ ይወጉ ነበር እንላለን። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ፣ ግብር ላይ ቆሞ፣ የሚያበላውን ጌታ እያወደሰ የሚያማው በዚህ ጥበብ ነው እንላለን። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ሰምና ወርቅ የድሃው ችሎት ነበር እንላለን። ይህን ሁሉ ስንል ደግሞ ደስ ይለናል። ሌላው ዓለም የመናገር ነጻነትን በሕግ ሲፈልግ እኛ በቋንቋችን ውስጥ አስቀድመን ያገኘነው ይመስለናል።

በበኩሌ ይህን ውዳሴ ስሰማው ኖሬ አንድ ጥያቄ እየቆረቆረኝ መጥቷል። ለመሆኑ ሰምና ወርቅ የነጻነት ጥበብ ነው ወይስ የፍርሃት? ወርቁን በሰም የሸፈነ ሰው ቅኔውን ማሳመሩ እርግጥ ነው። የሸፈነው ግን ለውበት ብቻ ነውን? ቋንቋችን እኮ ቅኔን ብቻ አይደለም ያወረሰን። «ዝም አይነቅዝም»ን እና «ሆድ ይፍጀው»ንም አውርሶናል። ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች ይመስሉኛል።

ሰሙስ ቢሆን መቼ አዳነን? የዘመናዊ ቴአትራችን ታሪክ የሚጀምረው በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ነው። ጸሐፊው የላ ፎንቴንን ተረቶች ይዘው፣ እንስሳትን እያናገሩ፣ የቤተ መንግሥቱን ብልሹ አሠራር ተቹ። ከእንስሳ የተሻለ ምን ሰም አለ? መኳንንቱ ግን ወርቁን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ቴአትር በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ግራዚያኒ የካቲት 12 ቀን ቦምብ ከተወረወረበት በኋላ ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። ቋንቋውን የማያውቅ ጄኔራል ሰሙንም ወርቁንም ለመለየት አልተጨነቀም። የሚዘምር አፍ መኖሩ በቃው። እንግዲህ ጉልበተኛው ብልህ ሲሆን ሰሙን ያቀልጠዋል፤ ደንቆሮ ሲሆን ደግሞ ከነሰሙ ይሰብረዋል።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ በእኔ ግምት በዘመናዊው ሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ሰሙን አውልቆ ጥሎ፣ ወርቁን እንዲሁ በእጁ ይዞ ስለወጣው መጽሐፍ ለመጻፍ ነው። መጽሐፉ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው።

ያየውን የጻፈ ባለሥልጣን

ስለ በዓሉ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው የሰማዕት ገድል ነው። ደርግን የተቃወመ ጀግና ደራሲ ነበር፤ መጽሐፍ ጻፈ፤ ገደሉት። ገድሉ ውሸት ባይሆንም ከእውነቱ ይልቅ ይቀልላል። እውነቱ ይበልጥ የሚያስጨንቅ ነው።

በዓሉ ኢሉባቦር ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ አሜሪካ ሚሺጋን ድረስ ሄዶ ጋዜጠኝነት ያጠና ሰው ነው። በመነን መጽሔት፣ በአዲስ ዘመንና በኢትዮጵያን ሄራልድ በአዘጋጅነት ሠርቷል። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። በሌላ አነጋገር፣ የምንናገረው ከደጅ ሆኖ ድንጋይ ስለወረወረ ሰው ሳይሆን የመንግሥቱ ድምፅ ከሚወጣበት ቤት ውስጥ ስለተቀመጠ ሰው ነው። በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ በኤርትራ ሲታወጅም አስመራ የወረደው ለቅስቀሳው ሥራ ነበር።

አሁን ልብወለዶቹን በተርታ አስቀምጠን እንያቸው። «ከአድማስ ባሻገር» በ1962፣ «የኅሊና ደወል» በ1966፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ» እና «ደራሲው» በ1972፣ «ሐዲስ» እና «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጡ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ አበራ ወርቁ የሚባል ወጣት የቢሮ ወንበሩንና የሥዕል ብሩሹን ማስታረቅ አቅቶት ሲታመስ እናያለን። ዘመዱም ጓደኛውም የሚመኙለት ሥልጣን፣ ቤትና ትዳር ነው፤ እርሱ ሸራ ያምረዋል። አብዮት ገና ባልመጣበት፣ «አክቲቪስት» የሚባል ቃል በማይታወቅበት ዘመን በዓሉ የከያኒን ነጻነት ጥያቄ አንሥቶ ነበር። ጥያቄው «መንግሥት ይፈቅድልኛል ወይ?» የሚል አልነበረም። «እኔ ራሴ ለራሴ እፈቅዳለሁ ወይ?» የሚል ነበር።

«የቀይ ኮከብ ጥሪ» ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ በዓሉ ወገን አለው። አብዮቱ ትክክል ነው፤ ታሪክ አቅጣጫውን አውቆታል፤ ገጸ ባሕርያቱም የሚናገሩት ብዙ ጊዜ መናገር ያለባቸውን ነው። በዛሬው ቋንቋ መጽሐፉን የአክቲቪስት ልብወለድ ልንለው እንችላለን። ደራሲው ከልቡ አምኖበት ሊሆን ይችላል፤ እምነቱን አላማም። አንባቢ ግን ገጹን ሲገልጥ ሰው ሲጠብቅ መፈክር የሚያገኝባቸው ቦታዎች ይበዛሉ። ያው ብዕር፣ ያው ችሎታ፣ ያው ደራሲ ነው። የጎደለው ነገር ቢኖር ጥርጣሬ ነው።

«ኦሮማይ»ን ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። ተራኪው ፀጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ በዘመቻው የቅስቀሳውን ሥራ እንዲመራ ወደ አስመራ ይላካል። የመጽሐፉ ኃይል የሚመነጨው ከዚህ ቦታ ነው። ፀጋዬ ተቃዋሚ አይደለም። እንዲያውም የዘመቻውን ዓላማ ይዞ ነው የሚሄደው። ግን ዓይን አለው። ስብሰባው ውስጥ ይቀመጥና ማን እንደሚፎክር፣ ማን እንደሚያጎበድድ፣ ማን እንደሚፈራ ያያል። ከተማዋን፣ ቡና ቤቶቿን፣ ሁለት ልብ ይዘው የሚኖሩ ነዋሪዎቿን ያያል። ፊያሜታን ያያል፤ ይወዳታል። «ጠላት» የሚለው ቃል ሰው መልክ እየያዘ ሲሄድበትም ያያል። በመጨረሻ ናቅፋ ተራራ ሥር የአንድ አገር ልጆች ሲረግፉ ያያል። የቅስቀሳ ባለሙያው ያየውን ከሚቀሰቅሰው ጋር ማስታረቅ ያቅተዋል። የመጽሐፉ ስም ራሱ አስመራ ከጣሊያንኛ የወረሰችው ቃል ነው፤ አበቃ፣ አከተመ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም እንደ ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ መጽሐፍ ሰም የለውም። አንበሳና ቀበሮ አልተጠሩበትም፤ ዘመነ መሳፍንት ወይም ሩቅ አገር አልተመረጠለትም። ቦታው በስሙ፣ ዘመቻው በስሙ ተጠራ። የዘመኑ አንባቢም የትኛው ገጸ ባሕርይ የትኛውን ባለሥልጣን እንደሚመስል ለመገመት አልተቸገረም። ያሳተመውም የመንግሥቱ አሳታሚ ኩራዝ ነበር። መጽሐፉ ወዲያውኑ ከገበያ ተለቀመ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ቮልስዋገን መኪናው ቃሊቲ መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። መቃብር የለውም።

እንግዲህ የእኔ ንባብ ይህ ነው። «ኦሮማይ» አደገኛ የሆነው ተቃዋሚ ስለሆነ አይደለም። ደርግ ተቃዋሚ ያውቃል፤ ለተቃዋሚ ስም አለው፣ እስር ቤት አለው፣ መፈክር አለው። ስም ያላወጣለት ከራሱ ወገን ሆኖ ያየውን የሚናገርን ሰው ነው። ለተቃዋሚ «ጠላት ነውና ይዋሻል» ይባላል። ዘመቻውን ለማስተዋወቅ ተልኮ ዘመቻውን በዓይኑ ላየ ሰው ግን ምን ይባላል? ስለዚህ ከያኒ ነጻነት የሚያስፈልገው የፈለገውን ወገን ለመደገፍ ብቻ አይመስለኝም። የበለጠ የሚያስፈልገው የራሱን ወገን እያየ ያየውን እንዲናገር ነው።

የአቤ ጉበኛ ክርክር

እዚህ ላይ አንድ ተሟጋች አንባቢ «ታዲያ በግልጽ የሚታገል፣ የሚሰብክ፣ ጩኸቱን የማይሸሽግ ደራሲ ከያኒ አይደለም ልትል ነው?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አቤ ጉበኛ ነው።

«አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ሲወጣ ሐሳቡ ከርእሱ ጀምሮ እርቃኑን የቆመ ነበር፤ በማኅፀን ያለ ጽንስ ግፍ ወዳለበት ዓለም አልወጣም ብሎ ይሟገታል። መጽሐፉ ታገደ፤ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲውም ኋላ ወደ ጎሬ ተጋዘ። ጎሬ ያለችው በዓሉ በተወለደበት በኢሉባቦር ነው። አንዱን ደራሲ ያበቀለች ምድር ለሌላው መጋዣ ሆነች። ይህ ሁሉ ሲሆን በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመናገርና የመጻፍ ነጻነትን ሕግ በሚፈቅደው መጠን ሰጥቻለሁ ይል ነበር። ነጻነትን ሰጥቶ በሕግ መልሶ መውሰድ በእኛ ዘመን የተጀመረ ብልሃት አይደለም።

እንደ ሃያሲ ስናገር «አልወለድም» ስብከት ይበዛበታል። ገጸ ባሕርያቱ ከሰው ይልቅ ለሐሳብ ይቀርባሉ። አቤ ለቅርጽ የሚጨነቅ ደራሲ አልነበረም፤ ቸኩሎ ነበርና። ሆኖም ይህ የሃያሲው ጉዳይ ነው፤ የፖሊስ ጉዳይ አይደለም። ጉዳዩ ወዲህ ነው፦ የመጻፍ ነጻነት በጥሩ ለሚጽፉ ብቻ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። ስብከት የሚያበዛው ልብወለድ ሊተች ይገባዋል፤ ሊተች የሚችለው ግን ሲነበብ ነው፤ ሊነበብ የሚችለውም ሲኖር ነው። ሳንሱር የሚጎዳው ደራሲውን ብቻ ሳይሆን ሒስንም ነው። የታገደ መጽሐፍ አይተችም፤ ይቀደሳል እንጂ። አቤንም በዓሉንም በወጉ ሳንተቻቸው የኖርነው በከፊል ስለዚህ ነው። ሰማዕት ናቸውና እንዴት ደፍረን?

ጎረቤታችን ኬንያም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ሥርዓቱን በእንግሊዝኛ ልብወለድ ሲነቅፍ ብዙም የነካው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1977 ግን ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር በጊኩዩ ቋንቋ ቴአትር ጽፎ በካሚሪቱ መንደር ገበሬዎችና ሠራተኞች ራሳቸው ሲጫወቱት ቴአትሩ ታገደ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደራሲው ታሰረ። ያለ ፍርድ አንድ ዓመት በቆየበት ወህኒ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ ልብወለድ ጻፈ። መንግሥት የፈራው ሐሳቡን ብቻ አልነበረም፤ የሚሰማውን ሕዝብ ጭምር እንጂ። እኛ ዘንድ ደግሞ አማርኛ የቢሮውም የገበያውም ቋንቋ በመሆኑ ሳንሱሩ ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ ነበር የሚያነበው።

ሳንሱር ቤት ሲቀይር

በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ሳንሱርን አስቀረ። በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽን መብት ጭምር አስፍሮ ቅድመ ምርመራን ከለከለ። ቀይ እስክሪብቶ የያዘው ሰው ከወንበሩ ተነሣ። ይህ ታላቅ ድል ነበር፤ የማጣጥለው አይደለም። «ኦሮማይ» እንደገና በአደባባይ የተሸጠው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሌላው ዓለም አነበበው።

የቢሮው መዘጋት ግን የልማዱ መዘጋት አልሆነም። ተዋናዩ ደበበ እሸቱ ከምርጫ 97 በኋላ ከፖለቲከኞች ጋር ታሰረ፤ በ2004 ዓ.ም. መባቻም እንደገና ታስሮ ቆየ። በሚያዝያ 2006 የዞን 9 ጦማርያን ተያዙ፤ የተከሰሱት በጸረ ሽብር ሕግ ሲሆን የመጨረሻዎቹ በነጻ የተለቀቁት በ2008 ዓ.ም. ነው። በነሐሴ 2009 መጨረሻ ቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበሙን በሒልተን ሆቴል ሊያስመርቅ ሲል ፖሊስ ፈቃድ የለም ብሎ አስቆመው። ሳንሱር ከተሻረ ሃያ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ዘፈኑን ማንም አልከለከለም፤ የተከለከለው አዳራሹ ነው። ሳንሱር ቤት ቀየረ እንጂ ከከተማ አልወጣም ማለት ነው።

ደግሞ ሁሉንም በመንግሥት ላይ ጥሎ መገላገል አይቻልም። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የእንጦጦ ተራራ ወደ ምሥራቅ እያዘቀዘቀ በሚሄድበት ጥግ። ዕጣ ከየሰፈሩ ለቅሞ አንድ ደረጃ ላይ ያገናኘን ሰዎች ነን። ከላይ ያለው ጎረቤቴ ቋንቋው፣ ሃይማኖቱ፣ ኑሮው ከታች ካለው አይገጥምም፤ ቡናው ግን አንድ ላይ ይጠጣል። እንዲህ ባለው ሰፈር ውስጥ አንድ ወጣት ለአዲስ ዓመት በዓል አጭር ድራማ ጽፎ ለነዋሪው ኮሚቴ አቀረበ። ታሪኩ ወታደር ልጃቸውን ስለሚጠብቁ አባት ነው። ከኮሚቴው የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሰውዬው የየት አገር ሰው ናቸው?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ልጁ ከማን ጋር ነው የሚዋጋው?» የሚል ሆነ። ወጣቱ «አባት ናቸው፤ ልጃቸውን ይጠብቃሉ፤ በቃ» አለ። አልበቃም። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ሰላም ፈላጊዎች ናቸው። «ጋሼ፣ የተቀመጥንበትን ደረጃ እንዳያበላሽብን ብለን ነው» አሉኝ ጠጋ ብዬ ብጠይቃቸው። ድራማው ቀረ፤ በምትኩ ሙዚቃ ተከፈተ።

በዚያ ስብሰባ መርማሪ አልነበረም፤ ፖሊስም አልነበረም። የነበረው ዛሬ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ብቻ ነው፦ የማን ወገን ነህ? በፌስቡኩም፣ በመድረኩም፣ በቡና ስኒው ላይም ከያኒን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ዝም ካለ «ለምን ዝም አልክ?» ይባላል። ከተናገረ የተናገረው ሳይሆን ያልተናገረው ይቆጠርበታል። ለአንዱ ሐዘን ካለቀሰ ለሌላው ያላለቀሰው ዕንባ ይለካል። ዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ሲገደል የሆነውን እናስታውስ። አንድ ሰው ሞተ፤ ሐዘኑ ሳይበርድ ሌሎች ብዙ ሰዎች በየከተማው ሞቱ። ሃጫሉ በሕይወቱ የትግል ዘፈን ዘፍኗል፤ አልሸሸገውም። ነገር ግን የፍቅር ዘፋኝም ነበር። ለአንዳንዶቻችን ሰንደቅ፣ ለሌሎቻችን ክስ ብቻ አድርገን ስናስቀረው ድምፁን እንዴት እንደሚያነሣና እንደሚጥል፣ ዜማውን ከየት እንደሚያመጣ የሚጠይቅ ጠፋ። ሰንደቅ ይውለበለባል እንጂ አይደመጥም።

ከያኒው ምን ይሁን?

አክቲቪስት መሆን ነውር አይደለም። የከያኒው ዜግነት ከማናችንም አያንስም፤ ሰልፍ ይውጣ፣ ይፈርም፣ ይጩህ። የቼኮዝሎቫኪያው ተውኔት ጸሐፊ ቫስላቭ ሃቬል ቻርተር 77ን ፈርሞ ታስሯል፤ አገሩን እስከ መምራትም ደርሷል። ናይጄሪያዊው ኬን ሳሮ ዊዋ እ.ኤ.አ. በ1995 የተሰቀለው የኦጎኒ ሕዝብ መሬት በነዳጅ ተበከለ ብሎ በመታገሉ ነው። እነዚህን ሰዎች «ለምን ብዕራችሁ ላይ ብቻ አልተቀመጣችሁም?» የሚል ካለ ያንን ለመጠየቅ መብት የለውም።

የምለው ሌላ ነው። ትግሉ ከያኒውን ሊያገኘው ይችላል፤ ዓይኑን ግን ሊቀማው አይገባም። በዓሉ በ«የቀይ ኮከብ ጥሪ» ዓይኑን ለዓላማው አበደረ፤ በ«ኦሮማይ» አስመለሰው፤ ዋጋውንም ከፈለ። ከእኛ ከአንባቢዎች የሚፈለገው ይህን ዋጋ መቀነስ ነው። መንግሥት ሕጉን ያክብር ብለን ስንጮህ ለራሳችንም ትንሽ ሕግ እናውጣ፦ መጽሐፉን ሳናነብ ደራሲውን «የማን ነህ?» አንበል። ከራሳችን ወገን የወጣ፣ የራሳችንን ጉድ የጻፈ ሰው ሲመጣ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ለእርሱ ጆሮ እንስጥ። የጠላታችንን ኃጢአት የሚጽፍልን መች አጣን?

ሰምና ወርቅንም አንጣለው፤ ውበታችን ነው። ግን ሰሙ ለውበት ይሁን፤ ለጋሻ አይሁን። ቅኔ የሚያምረው ባለቅኔው በግልጽም መናገር እየቻለ በምርጫው ሲቀኝ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እውነት ነው። በዓሉ ግን ንጋቱን አላየውም። የሚቀጥለው ደራሲ እያደር ሳይሆን እዚያው በቆመበት፣ በሕይወቱ ሳለ ቢጠራለት ምን አለበት?